የሱሩር ሐቅ

ሬሳውን ያገኘው ኑርዬ የተባለው ዓሣ አጥማጅ ነው። ማታ የዘረጋውን መረብ ሊያነሣ ታንኳውን ወደ ደንገሉ ሲያስጠጋ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት በውኃው ላይ ተነፍቶ አየ፤ ከአስፋልቱ መኪና የጣለው ጆንያ መሰለው። በመቅዘፊያው ገፋ ሲያደርገው ጆንያው ዞረና ፊት አወጣ።

ኢንስፔክተር ባዬ በደረሰ ጊዜ ኑርዬ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ከሰውነቱ አርቆ እንደ ባዕድ ነገር ይመለከተው ነበር።

«ነክቸዋለሁ፣ ጌታው» አለ። «በዚህ እጀ ነው የጎተትሁት። ኮሮና ቢይዘኝ ምን ይውጠኛል?»

«የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ ኑርዬ።»

«እሱስ አይተነፍስ። እናንተ ግን በሬዲዮ ሬሳም አትንኩ ብላችኋል።»

«እኔ አልተናገርሁም፤ ሬዲዮው ነው።»

«ለኛ ፖሊስና ሬዲዮ አንድ ናችሁ፤ ሁለታችሁም ስንናገር አትሰሙም።»

ባዬ ቢስቅ ደስ ባለው። ግን ከመጋቢት ወዲህ ሳቅ የሚባለው ነገር ከጭምብሉ ሥር እየታፈነ ቀርቶበታል። ከዓመት ዓመት የሰው ፊት እያነበበ የኖረ መርማሪ ነበር፤ አገሩ ሁሉ አፉን ሸፍኖ በዓይኑ ብቻ ሲናገር ግን ከመጽሐፉ ግማሹ ገጽ እንደተቀደደበት አንባቢ ሆነ። የደከመውም እንቅልፍ አጥቶ አልነበረም። በየኬላው ገመድ ሲይዝ፣ በየለቅሶው ሰው ሲበትን፣ ሊታዘንለት የሚገባውን ሕዝብ ሲገሥጽ ከርሞ ነው የደከመው።

ሬሳውን የጤና ባለሙያዎች በጀርባቸው ባዘሉት መርጫ ረጭተው ሸራ ላይ አስተኝተውታል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጺሙን በንጽሕና የያዘ ወንድ ነው። የጃኬቱ አንገትጌና ትከሻው ላይ ቀለሙ ለቆ ነጣ ነጣ ያሉ ዝንጉርጉሮች ይታያሉ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሳጅን ዙለይሃ ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች።

«ሱሩር ነው፣ ጋሽ ባዬ። የነዳጅ ማደያው ገንዘብ ያዥ። አብረን ተምረናል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መነጽሩን ስላጣሁት ነው ጥቂት የተጠራጠርሁ። ሱሩር ያለ መነጽር የቤቱን በር አያገኝም ነበር። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ የጠመኔው ብናኝ ጸጉሩን እያሸበተው።»

መነጽሩ ግን በኪሱም፣ በጫማውም፣ በደንገሉም ውስጥ አልተገኘም።

ኮማንደሩ በስልክ የተናገረው አጭር ነበር። «ጫማውን አውልቆ ከገባ ራሱን ነው ያጠፋ። ደሴ ሐኪም ይየው፤ ከዚያ መዝገቡን ዝጋው። ሰው የለኝም፣ ሁሉም ኬላ ላይ ነው። ቀብሩ ላይ ግን ተገኝና ከአራት ሰው በላይ እንዳይቆም ተቆጣጠር።»

*

«ሐይቅ ዳር የነዳጅ አክሲዮን ማኅበር» ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ሐይቅ ከተማ፣ አንዲት ማደያ አለችው። ባለአክሲዮኖቹ አብዛኞቹ ማደያዋን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። ኩዌት፣ ጂዳና ቤይሩት በሰው ቤት ወለል እየወለወሉ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ ከዓመት ልፋታቸው ቆንጥረው አክሲዮን የገዙ ሴቶች ናቸው። ረመዷን በተቃረበ ቁጥር የትርፍ ድርሻቸው ለእናቶቻቸው ይደርሳል፤ በርካታ ቤት የወሩን ማፍጠሪያ የሚያሰናዳው በእሱ ነበር።

በዚህ ዓመት ግን ፋሲካ ባለፈ ማግስት፣ ረመዷን ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች መውረዱ በቴሌቪዥን ተነገረ። የሰማው ሁሉ ደነገጠ። ነዳጅ ለሚወስድ ሰው ገንዘብ ይመረቅለታል ከተባለ፣ ነዳጅ ሻጭ ምን ትርፍ ሊያካፍል ነው? ከባሕር ማዶ የሚደወለው ስልክ ሌት ተቀን አላርፍ አለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ ሙሀይሚን በድምፅ መልእክት ዘንድሮ ትርፍ እንደማይኖር አስታወቁ። የሱሩር ሬሳ በተገኘበት ዕለት ደግሞ ሌላ መልእክት ላኩ፤ ተርፎ የነበረውንም ገንዘብ ያዡ አጥፍቶታል፣ ይሉኝታ ገድሎታል፣ አላህ ይዘንለት የሚል።

ቀብሩ ዓርብ፣ በጾሙ የመጀመሪያ ቀን ሆነ። ደሴ ደርሶ የተመለሰውን ጀናዛ አራት ሰው ተቀበለው፤ ሼሁ፣ የሱሩር አጎት፣ ኑርዬና ሐጂ ሙሀይሚን። ባዬ ከመቃብሩ በላይ ቆሞ ቆጠራቸው፤ መቁጠሩም አሳፈረው። ከአጥሩ ውጭ ግን ሰው ተራርቆ ቆሟል።

ሶላቱ እንዳበቃ ሼሁ በለመደ አንደበት «ያ ጀማዓ!» አሉ። ጀማዓው አራት ሰው መሆኑ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሱሩር ላይ ሐቅ ያለው ካለ ወይ ለቤተሰቡ ይንገር፣ ወይ አፉ ይበለው፣ ይቅር ይበለው።»

«አፉ ብየዋለሁ» አለ አጎትየው።

«እኔስ ሐቅም የለኝ» አለ ኑርዬ። «ካለኝም አፉ።»

ይሄኔ ከአጥሩ ውጭ አንዲት አሮጊት ጮኹ። ልጃቸው ኩዌት ያለች፣ ዑምኩልሱም የሚባሉ ሴት ናቸው። «እኔ አፉ አልልም! የልጄ ላብ ነው! ሐቄን ጀሀነም ድረስ ተከትየው እቀበላለሁ!»

ባዬ ወደ አጥሩ ሊሄድ ዞረ። ከኋላው ሐጂ ሙሀይሚን በጭምብላቸው ውስጥ በታፈነ ድምፅ «አፉ ይበለኝ» ሲሉ፣ ቀጥሎም «አላህ ይዘንለት» ሲሉ ሰማ። ከዚያ አፈሩ ይወርድ ጀመር።

*

የሱሩር እህት ራዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ተቀበለቻቸው። ስልኳ ከጎኗ መሬት ላይ እየበራ እየጠፋ ይንጫጫል።

«አላነሣውም» አለች። «ሳነሣው ከኩዌት ይሰድቡኛል፤ ሳላነሣው ከጂዳ። መሬታችሁ ይሸጥና ሐቃችን ይመለስ ነው የሚሉት።»

«ትሸጪዋለሽ?»

«መሬቱን ይውሰዱት፣ ጋሼ። መሬት ያጣ ሰው እኔ መጀመሪያዋ አይደለሁ። ግን ሌባ ነው፣ ነፍሱን በራሱ ያጠፋ ነው ብለው ዱዓ ሲነፍጉትስ? ገንዘብ ሠርቸ እከፍላለሁ። ስሙን በምን ልክፈለው?»

ባዬ ይህን ጥያቄ የሚመልስ መዝገብ እንደሌለው ያውቃል። ስለ መጨረሻዎቹ ቀኖች ጠየቃት።

«የነዳጁን ዜና ያየን ለት ሳቀ። "ራዚያ፣ የኛ ማደያ በአሜሪካ ዋጋ አይገዛ አይሸጥ፤ ዋጋውን ቆርጦ የሚሰጠን መንግሥት ነው፤ ከሊትሯ የምናገኛትም የተቆረጠች ናት። እነሱ ሲወድቁ እኛን የሚጥል ነገር የለም" አለኝ። ከዚያ ሳቁ አለቀና የሒሳብ መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ "ነገ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ" ብሎኝ ወጣ።»

«ምኑን?»

«አልጠየቅሁትም። የበልግ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ጃንጥላ ያዝ ስለው አልሰማኝም።»

ዙለይሃ ከሚንጫጫው ስልክ፣ ከባለአክሲዮኖቹ የጋራ መልእክት መለዋወጫ፣ ረቡዕ ጠዋት የተላከ አንድ መልእክት ከፈተች። የወጣት ወንድ ድምፅ ነበር፤ «ስማ ሱሩር! ትርፌን ዛሬ ካልሰጠኸኝ ሐይቁ ውስጥ ነው የምከትህ! ወላሂ ነው የምልህ!»

«ይህ ማን ነው?» አለ ባዬ።

«ኡበይድ ነው፤ ከኩዌት ተጠርዞ የመጣው። ውጫሌ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ነው» አለች ራዚያ። «አፉ ነው እንጂ...» ጀመረችና ተወችው። ሰውን ከጥርጣሬ ለማዳንም ጉልበት ያስፈልጋል።

*

ሐጂ ሙሀይሚን በማደያው ቢሮ ጠበቁት። በግድግዳው ላይ፣ ከሐይቁ ዳር የጀመሩት የእንግዳ ማረፊያ ሥዕል ተሰቅሏል፤ በሥዕሉ ውስጥ ነጫጭ ሰዎች ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ሕንጻው ደረሰ?» አለ ባዬ።

«ቆሟል። ሠራተኞቹን አሰናበትሁ። በዚህ ዘመን እንግዳ ከየት ይመጣል?»

«ሱሩርን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ረቡዕ ጠዋት፣ እዚሁ። ከሰዓት በኋላ ውጫሌ ነበርሁ፤ ለለይቶ ማቆያው መኪናዎች ናፍጣ ለማቅረብ ወረዳው ቢሮ ገብቸ ስነጋገር ዋልሁ።»

«ማደያው ከስሯል ይላሉ።»

«ዓለም ነው የከሰረው፣ ኢንስፔክተር። ግንዱ ኒውዮርክ ላይ ሲወድቅ ቅርንጫፉ ሐይቅ ላይ ቆሞ ይቀራል? ያንንም ልጁ አባሰው። ምን ዋጋ አለው፣ ሙት አይወቀስም።»

ባዬ ያማረ ዐረፍተ ነገር በሰማ ቁጥር ይጠራጠራል፤ እውነት አብዛኛውን ጊዜ እየተንተባተበች እንደምትመጣ ከልምዱ ያውቃል። ነገር ግን የሰውየው ግማሽ ፊት ተሸፍኖ፣ ሌላው ግማሽ እንባ አቅርሮ ነበር። አመስግኖ ወጣ።

የደሴው ሐኪም የደወለው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳሉ ነው።

«ውኃ ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ። «ግን የአፍንጫውና የጉሮሮው ውስጥ ተልጧል። በረኪና የነካው ይመስላል። ሐይቃችሁ በረኪና አለው እንዴ?»

«ሬሳውን የጤና ሰዎች ረጭተውት ነበር።»

«የሞተ ሰው የረጩበትን ወደ ሳንባው አያስገባም፣ ኢንስፔክተር።»

ዙለይሃ መኪናውን ዳር አስያዘችና ለረጪው ደወለች። የሰውየው መልስ ለሁለቱም ተሰማ፤ «በረኪና ከጨረስን ሰነበትን፣ እህቴ! የረጨነው አልኮል ነው። እሱም ሊያልቅ ነው፣ ለአለቆቻችን ንገሩልን!»

ባዬ ዓይኑን ጨፈነ። በአንገትጌውና በትከሻው ላይ ያየው ዝንጉርጉር መጣበት። ሰውየው አንገቱን አጎንብሶ በበረኪና ውኃ ውስጥ ተደፍቶ ነው የሞተው፤ ወደ ሐይቁ የደረሰው በሌላ ሰው እጅ ነው።

«ለይቶ ማቆያው በር ላይ የበረኪና በርሜል አለ» አለች ዙለይሃ።

«አውቃለሁ» አለ ባዬ። «ንጂው።»

*

ለይቶ ማቆያው ትምህርት ቤት ነው። ኡበይድ ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ብቅ አለ።

«ቀረብ በል!» አለ ባዬ።

«አልቀርብም! ርቀት ጠብቅ ብላችሁ ያሰራችሁኝ እናንተ አይደላችሁ?»

«ሱሩርን ሐይቅ እከትሃለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ። ኩዌት አምስት ዓመት አሸዋ በልቸ ያመጣኋት እሷን አክሲዮን ነው። አበድሁ፣ ተናገርሁ። ግን በእናቴ እምላለሁ፣ ዋና እንኳ አልችል! ሰው ልከት ስል መጀመሪያ የምሰጥመው እኔ ነኝ።»

«የግቢው ዘበኛ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አልነበረም ይላል።»

ኡበይድ የሽቦውን ቀዳዳዎች በጣቱ ይነካካ ጀመር።

«የት ነበርህ?» አለች ዙለይሃ። «ተናገር እንጂ፣ በረመዷን ልትዋሸን ነው?»

«አጥር ዘልየ ሐጂ ሙሀይሚንን ፍለጋ ወጣሁ። ውጫሌ ወረዳ ነኝ ብለው በድምፅ ልከው ነበር፤ ፊት ለፊት ልጠይቃቸው አልሁ። የወረዳው ዘበኛ ግን በሩን ዘግቶ "ዛሬ ባለጉዳይ አይገባም፣ ማንም አልገባም" አለኝ። ሐጂም የሉ፣ መኪናቸውም የለች። ስመለስ የገበያ ሴቶች አወቁኝ። "ከኮሮናው ግቢ ያመለጠ ነው!" ብለው ጮኹ። ድንች ቢወረውሩ ለቅሜ እገባ ነበር። ድንጋይ ነው የወረወሩ።» ጨርቁን ገለጥ አደረገ፤ ግንባሩ ተፈንክቷል።

ገበያው ላይ ዙለይሃ ስትጠይቅ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«እኔ ነኝ የፈነከትሁት! ረቡዕ ከሰዓት፣ ከዐሥር ሶላት በፊት። አሁን ልታስሩኝ ነው?»

«የለም» አለ ባዬ። «ልጁን ከስቅላት አድነሽዋል።»

«ይሄውልሽ!» አለች ሴትዮዋ ለጎረቤቷ። «ስወረውር ለደግ ነው ብየሽ አልነበር?»

የወረዳው ዘበኛም ቃሉን አጸና፤ ረቡዕ ማንም ባለጉዳይ አልገባም። ሐጂ ሙሀይሚን ዋሽተዋል። ሆኖም ሰው ሚስቱን ፈርቶ፣ አበዳሪውን ሸሽቶም ይዋሻል። ውሸት ሁሉ ደም የለበትም፤ ባዬም በዚህች ቀዳዳ ብቻ የተከበረ ሽማግሌ ወደ እስር ቤት እንደማያልፍ ያውቃል።

*

በማግስቱ ራዚያ አስጠራችው። በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች ነበር፤ ከዚያ የተነሣችም አትመስልም።

«ጋሼ፣ ቀብሩ ላይ ነበሩ አይደል?»

«ነበርሁ።»

«ሴት መቃብር አይወርድ። አጎቴ ከመጣ ጀምሮ ያለቅሳል እንጂ አይናገር። ማን አፉ እንዳለው፣ ማን እንዳላለው ልወቅ። ያላለውን ሂጀ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ባዬ ጭምብሉን አስተካከለ። አንዳንድ ምስክርነት ያለ መሐላ ቢሰጥም ከመሐላ ይከብዳል። የሰማውን እንደሰማው ደገመላት።

«አጎትሽ "አፉ ብየዋለሁ" አሉ። ኑርዬ "ሐቅም የለኝ፣ ካለኝም አፉ" አለ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት እማማ ዑምኩልሱም... እሳቸው ተቆጥተው ነበር።»

«እሳቸውን አውቄያለሁ። ሐጂስ?»

«"አፉ ይበለኝ" አሉ። ቀጥለውም "አላህ ይዘንለት"።»

በሩን ተደግፋ የቆመችው ዙለይሃ ቀና አለች። «ምን አሉ?»

«አፉ ይበለኝ።»

«አፉ ብየዋለሁ ነው ያሉት፣ ጋሽ ባዬ።»

«የለም። ወደ አጥሩ ልሄድ ዞሬ ስለነበር ከኋላየ ነው የሰማሁት፤ ግን አልተሳሳትሁም። ይበለኝ ነው ያሉት።»

ራዚያ ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሒሳብ እንደሚያሰላ ሰው ነበረች። «ወንድሜ ሐቃቸውን በልቷል። እንዲህ ነው ያሉት፣ ለሁሉም ሰው። ሐቁን የተበላ ሰው "አፉ ብየዋለሁ" ይላል፣ አለዚያም እንደ እማማ ዑምኩልሱም "አልልም" ይላል። አፉ ይበለኝ የሚል የበላ ነው። የተበላ እንዴት የበላውን ይቅርታ ይጠይቃል?»

«ምናልባት በድንጋጤ...» አለ ባዬ፤ ተቃውሞውን ራሱም አላመነበትም።

«በድንጋጤ ሰው ስሙን ይረሳል» አለች ዙለይሃ። «ይችን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማት ያደግን ነን። አቅጣጫዋ አይጠፋንም።»

ባዬ ዐርባ ዓመት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖሯል፤ በለቅሷቸው ተቀምጧል፣ ቋንቋቸውን ይናገራል፤ ቋንቋውም የእሱው ነው። ቃሉን በጆሮው ሰምቶ አሳልፎታል፤ ሰዎች ሲቆጥር።

«ዙለይሃ» አለ፣ «በዚህ ከተማ የበረኪና በርሜል የት የት አለ?»

«በየመሥሪያ ቤቱ በር ሳሙና ነው። በረኪና...» ቆም አለች። «የሐጂ ሕንጻ። ሠራተኞቹን የሚያስታጥቡበት።»

*

ሕንጻው ከሐይቁ ዳር፣ ውኃው አጥሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ጣሪያ ሳይኖረው ቆሟል። ሰማያዊው በርሜል በሩ ላይ ነው፤ ቧንቧው ተሰብሮ በጣሳ የሚቀዳ፣ አፉ የተከፈተ። ሐጂ ሙሀይሚን ተጠርተው ሲመጡ ሁለት ፖሊሶች በርሜሉን ዘንበል አድርገው ውኃውን ያፈሱ ነበር። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ውኃው ሲያልቅ ከሥሩ አንድ ነገር ቅጭል አለ፤ ዙለይሃ ጓንቷን አጥልቃ አወጣችው። ወፍራም መስታወት ያለው መነጽር ነው፤ አንዱ እጁ ተሰብሯል።

«ይህ የማን ነው፣ ሐጂ?» አለ ባዬ።

«የሠራተኛ ይሆናል።»

«ረቡዕ ውጫሌ ወረዳ ማንም አልገባም።»

«ከበር መልሰውኝ ይሆናላ፤ ሽማግሌ ሁሉን ያስታውሳል?»

«አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱልኝ። ሼሁ ሐቅ ያለው ይናገር ሲሉ ምን ብለው መለሱ?»

ሐጂ ሙሀይሚን ከተደረደረው ብሎኬት ላይ ተቀመጡ። ጭምብሉን ከአንድ ጆሯቸው ፈቱት፤ በሌላው ላይ ተንጠለጠለ። ባዬ የሰውየውን አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ክፋት አላነበበበትም። እንደራሱ የዛለ አፍ ነበር።

«ሰምተውኝ ኖሯል» አሉ።

«ሰምቻለሁ። የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።»

«ለእርስዎ መዋሸት እችላለሁ። ባሕር ማዶ ላሉት ሴቶችም ዋሽቻለሁ፤ እነሱ ሩቅ ናቸው፣ ድምፅ ብቻ ናቸው። ልጁ ግን ፊቴ ተጋድሞ ነበር። ሐቄን በልቶኛል፣ አፉ ብየዋለሁ ልል ነበር፤ ይህንኑ አዘጋጅቸ ነው የሄድሁ። የራሴን ዕዳ በሱ ጭኘ ወደ አላህ ልሸኘው? ምላሴ ዞረች። እኔ አላዞርኋትም።»

«ትርፉ እዚህ ነው ያለው?» ባዬ ጣሪያ የሌለውን ግድግዳ አሳየ።

«የዓመቱ ሁሉ። እንግዳ መምጣት ሲጀምር ልመልሰው ነበር። ከዚያ ይህ በሽታ መጣ፤ ሁሉም ነገር ባለበት ደረቀ። የነዳጁን ዜና ስሰማ...» ሳቅ የሚመስል ነገር ከጉሮሯቸው ወጣ። «ዓለም ሁሉ በከሰረበት ቀን የኔን ጉድለት ማን ይለየዋል ብየ ነበር። ሱሩር ለየው። እዚሁ መጣ። ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ረመዷን እስኪወጣ ታገሠኝ ብየ ለመንሁት። "ሐጂ፣ ሰዎቹ የሚበሉት እኮ ረመዷን ውስጥ ነው" አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሊሄድ ተነሣ። እጁን ሊታጠብ ወደ በርሜሉ አጎነበሰ። እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ እህቱን በሽታው እንዳይዛት ይፈራ ነበር። ዝናቡ ጣሪያ በሌለው ቤት ላይ ይጮኻል፤ ማንም አይሰማም። አንገቱን ያዝሁት። መጀመሪያ ዝም እንዲል ብቻ ነው የፈለግሁት።»

ዙለይሃ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

«ጫማውን ያወለቅሁት ሲመሽ ነው» አሉ ሐጂ። «ካልሲውን ስጠቀልለው እግሩ ገና አልደረቀም ነበር።»

ባዬ ሰንሰለቱን አወጣ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች ቅጽበት ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይፈታ ነበር። አሁን ምንም አልተፈታም።

*

ሐጂ ሙሀይሚን ታሰሩ፤ ማደያው ታሸገ። ራዚያ በማግስቱ ጣቢያው ድረስ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ለኔ ነገራችሁኝ» አለች። «ለነሱስ ማን ይንገር?»

የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ስብሰባ ይከለክላል። መስጊዱ ዝግ ነው፤ ቅሬው፣ የቀብር ማኅበሩ፣ አይሰበሰብም፤ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ስም ማጥፋት በአንድ የድምፅ መልእክት ባሕር ተሻግሯል፤ ስም መመለስ ግን ሰው ፊት ለፊት መቆምን ይጠይቃል። ባዬ ለኮማንደሩ አልደወለም። የጤና ጽሕፈት ቤቱ የመታጠብ ምክር የሚያስነግርባትን፣ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባትን ባጃጅ ለአንድ ሰዓት ተዋሰ።

በታችኛው ሰፈር ዙለይሃ የምርመራውን ውጤት በይፋ ቋንቋ አስነገረች። በሮች ተከፈቱ፤ ሰው በየደጁ ቆሞ አዳመጠ። ያኔ ራዚያ ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ ማይኩን ወሰደች።

«የሱሩር እህት ነኝ» አለች። ድምፅ ማጉያው አፏጨ፤ እስኪበርድ ጠበቀች። «ወንድሜ የማንም ሐቅ የለበትም። የናንተን ሐቅ ልናገር ብሎ ሂዶ ነው የሞተ። ገንዘባችሁ ይመለስ አይመለስ እኔ አላውቅም። ክፉ የተናገራችሁት ካለ ግን እኔን አፉ በይን አትበሉኝ። የሱን ሐቅ እኔ ይዤው አልዞርም። መቃብሩን ታውቁታላችሁ። ሂዳችሁ ለራሱ ንገሩት።»

ከሰፈሩ መውጫ፣ ዳገቱ ሲጀምር ባጃጅዋ ሁለቴ አሳለችና ቆመች። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው።

«ቤንዚን ጨረሰች፣ ጋሼ» አለ። «ማደያውን አሽጋችሁት ከየት ልቅዳ?»

ባዬ ወርዶ ከኋላ መግፋት ጀመረ። ከዚያ ከጎኑ ሌላ እጅ አረፈ፤ የተጨማደደ፣ በሂና የቀላ የአሮጊት እጅ ነው። ዑምኩልሱም ነበሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያናግሩት እሱን እንዳልሆነ ገባው። ከሌላው ደጅ ሁለት ወጣቶች መጡ፤ ከዚያም አንዲት ሴት ልጅ እንዳዘለች። ባጃጅዋ ዳገቱን ተያያዘችው።

«ይበቃል፣ እማማ» አለ ባዬ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እዚህ ላይ እናቁም፤ ድምፁ ከዚህም ይሰማል።»

ዑምኩልሱም እጃቸውን አላነሡም።

«እስከ ላይኛው ሰፈር ይገፋ» አሉ። «ሌባ ነው ብየ የነገርኋቸው እዚያም አሉ።»